የወሎን እንጨት ማን እንደሚበሳው እንወቅ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ እንጨት ተራ ገብታችሁ ቀዳዳ ያለበት ግንድ ብታነሱ መልሱ አንድ ነው፤ «በልቶታል» ይባላል። ዋጋው ይወርዳል፣ ግንዱ ማገዶ ይሆናል። ማን እንደበላው የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ።

እስቲ ቀዳዳውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሞላላ ከሆነ ወይም አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የጥንዚዛ ሥራ ነው። በመሰርሰሪያ የተበሳ ይመስል ድብልብል ያለ ክብ ከሆነ ግን እንጨት የሚበሳ ተርብም ሊሆን ይችላል። የተርቡ ትል የሄደበት መንገድ በደቃቅ ብናኝ ጥቅጥቅ ብሎ ይሞላል። ትሉ ነጣ ያለ ነው፤ ጭራው ጫፍ ላይ አጭር ጠንካራ እሾህ አለችው። እናትየው ከኋላዋ የምትታየው ረጅም መርፌ ደግሞ ሰው መንደፊያ አይደለም። እንጨት በስታ እንቁላል የምትጥልበት ነው።

ከዚህ ወገን በዓለም የታወቀው ሳይሬክስ ኖክቲሊዮ የሚባለው፣ ፓይን የተባለውን ዛፍ የሚያጠቃ ተርብ ነው። ሴቷ ከእንቁላሏ ጋር መርዛማ ፈሳሽና ፈንገስ ዛፉ ውስጥ ትከታለች። ሁለቱ ተባብረው ዛፉን ያደርቁታል፣ ትሉም ፈንገሱ ያለሰለሰውን እንጨት እየበላ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተገኝቷል። ከመድኃኒቶቹ ዋነኛው ሴቷን የሚያመክን ኔማቶድ የሚባል ጥቃቅን ትል ነው። ይህ ኔማቶድ ታዲያ የሚራባው ያንኑ ፈንገስ እየበላ ነው። ተርቡ ሌላ ዓይነት ፈንገስ የሚሸከም ከሆነ አይሠራም። ስለዚህ ተባዩን ማንነቱን ሳያውቁ መድኃኒት መበተን ገንዘብ መድፋት ነው።

በስም መሳሳት ምን እንደሚያስከትል አፍሪካ በደንብ አይታለች። የፈረንጅ ጽድን የሚያደርቅ፣ ክሽክሽ የሚባል አንድ ጭማቂ መጣጭ ተባይ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ኬንያ ገባ። ለዓመታት የሚጠራው በአንድ የአውሮፓ ዘመዱ ስም ነበር። ሌላ ዝርያ መሆኑ ተረጋግጦ የራሱን ስም ያገኘው በ1999 ነው። እስከዚያ ድረስ የተፈጥሮ ጠላቱ ሲፈለግ የነበረው በተሳሳተ ስም ነው። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሆዷ ቀይ የሆነችና ሆዷ የጠቆረ ሁለት የእንጨት ተርቦች እንደ ሁለት ዝርያ ሲቆጠሩ ኖረው፣ ኋላ አንድ ሆነው ተገኙ።

ወደ ወሎ ልመለስ። የጎፍ ደን አለን። ቦረና ሳይንት ላይ ደንቆሮ የሚባለው ደን አለን። የቤተ ክርስቲያን አጸድ አለን፣ በየመስጊዱና በየመቃብሩ ያሉ ትልልቅ ዛፎች አሉን። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው የቀረው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ የወደቀ ግንድ ሳያድር ይፈለጣል፤ አጸድ ውስጥ ግን ቆሞም ተጋድሞም የመቆየት ዕድል አለው። እንጨት ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳትን መፈለግ ያለብንም እዚያው ነው።

ሁሉም ጠላት እንዳይመስለን ደግሞ። ኦረሲድ የሚባሉት ተርቦች ሴቷ በአንቴናዋ እንጨቱን ቆርቆር ታደርጋለች። ንዝረቱን በፊት እግሮቿ ታዳምጣለች። ውስጥ ያለውን የጥንዚዛ ትል በዚህ ታገኘዋለች፣ እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ ልጇ ይበላዋል። ማን ማን እንደሆነ ሳንለይ መርዝ ብንረጭ ያለ ደመወዝ የምታገለግለንን እንገድላለን።

«ሕዝቡ ስንት ችግር እያለበት የምን ተርብ ነው?» የሚሉኝ አሉ። ችግሩን አላጣሁትም። ገበሬው ግን ባህር ዛፍ ሸጦ ነው ቆርቆሮ የሚገዛው፣ ልጅ የሚያስተምረው። የባህር ዛፍን ቅጠልና ቀንበጥ የሚያሳብጠው ትንሽ ተርብ አገራችን ገብቷል፤ ስም የወጣለት ገና እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ተርቡን የመለየቱ ሥራ ውድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ትል ያለበትን ግንድ በወንፊት ሽቦ በተሠራ ሳጥን ከቶ ተርቡ እስኪወጣ መጠበቅ ነው፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። ከዚያ በመርፌ ይሰካል፣ ቦታው፣ ቀኑና የወጣበት ዛፍ ይጻፍበታል። በማይክሮስኮፕና በዲኤንኤ ከታወቁት ጋር ይነጻጸራል። አዲስ ከሆነ አንድ ናሙና የስሙ መሠረት ሆኖ ይመረጥና ገለጻው ይታተማል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ የወጣ ጽሑፍም የእንስሳት ሳይንሳዊ ስሞች መዝገብ በሆነው ዙባንክ ላይ እስከተመዘገበ ድረስ እንደታተመ ይቆጠራል። የደሴ ወይም የሐይቅ ስም የያዘ ዝርያ ለምን አይኖርም?

ያ ናሙና አገር ውስጥ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ። የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ጥሩ ነው። ግን መከልከል ብቻውን ማጥናት አይደለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ነፍሳት አንድ ደረቅ ክፍል፣ ጥቂት መሳቢያና አንድ ኃላፊ ይመድብ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልጉ ተማሪዎችም የየጎፍ ደን ቅርብ ነው።

አናጢዎችና እንጨት ሰንጣቂዎች ደግሞ ከማንም በፊት ታገኙታላችሁ። ከጣውላ ውስጥ ተርብ ሲወጣ ካያችሁ አትጨፍልቁት። አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣና የምን ዛፍ እንደሆነ በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን አብራችሁ ጨምሩበት። ከዚያ ባዮሎጂ ክፍል ላለ መምህር ስጡት።