ባነሩ ይቅርና የእድሩ መጋዘን ይከፈት

በዓል ሲደርስ ሐዋሳ ውስጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፍቼ ጫምባላላ በሉት ፋሲካ በሉት ኢድ፣ ባነር ይታተማል፣ ዘይትና ዱቄት ይደረደራል፣ እናቶች ፀሐይ ላይ በሰልፍ ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ፌስቡክ ላይ "ማዕድ አጋራን" ይባልና አለቀ። ትንሽ ቆይቶ ዘይቱ ያልቅና ጀሪካኑ የውሃ መቅጃ ይሆናል፣ ቀጣዩ በዓል ደሞ ገና ነው። ማዕድ ማጋራት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ የሰጠ ይባረክ፣ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ኮንስትራክሽኑን ሲያቀዘቅዘውና የቀን ሰራተኛው ስራ ፈቶ ቤቱ ሲውል ባነር ሚያሳትም ማንም የለም።

እኔ ምለው ይሄ ስራ የእድር ነው። የስፖንሰር አይደለም፣ የቲክቶከር አይደለም፣ የወረዳም ብቻ አይደለም።

ፉድ ባንክ ሚባለው ነገር የተጀመረው በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ነው፣ ጆን ቫን ሄንግል ሚባል ሰው ሱቆች ሊጥሉት የነበረውን ደህና ምግብ ሰብስቦ መጋዘን አስገባና ለተቸገረ እንዲከፋፈል አደረገ። እኛ ጋ ሱፐርማርኬት ሚጥለው ያን ያህል የለም፣ የሆቴል ቡሌ እንኳን ገዢ አለው። ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎች ለስብሰባና ለሰርግ ከሚደረድሩት ቡፌ ሚተርፍ አለ ይባል ይሆናል፣ አዎ አለ፣ ግን የበሰለ ምግብ በዚህ ሙቀት ሳይበላሽ ሰፈር ማድረስ ራሱን የቻለ ስራ ነው፣ እሱን ለሌላ ቀን ልተወው። እኛ የተረፈን ነገር ቢኖር አደረጃጀት ነው፣ እሱም ሰፈራችን ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል።

እስኪ አስቡት፣ አንድ የሰፈር እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስትና ሳህን አለው፣ ይሄ ሁሉ ሚቀመጥበት መጋዘን አለው፣ ቁልፉን የያዘ ሰው አለው፣ ሰብሳቢ ፀሐፊ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረ ሚቀጣበት ደንብ አለው። ሀዘን ሲደርስ ማንም ማንንም አይለምንም። ባለፎቁም ጉልት ቸርቻሪዋም ያንኑ ወርሃዊ ከፍለዋል፣ ያንኑ ድንኳን ያገኛሉ። ለቅሶ ቤት ገብቶ "ካሜራው ጋ ዞር በሉና አንዴ አመስግኑልን" ያለ የእድር ዳኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሊል አይችልም፣ ሰውየው የከፈለበትን ነው ያገኘው። በዓል ላይ ዱቄት ሚቀበሉት እናት ግን አንገታቸውን ደፍተው ነው ሚነሱት፣ ያ ፎቶ ደሞ ልጃቸው ክፍል ውስጥ ባሉ ልጆች ስልክ ላይ ሁሉ ይደርሳል። ልጁ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድም ቢል ምን ይፈረድበታል።

እና ጎረቤታችን በህይወቱ እያለ ቤቱ ምጣድ ሳይጣድ ሳምንት ቢሞላው እድሩን አያገባውም፣ ቢሞት ግን ጥሩምባ ተነፍቶ ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል። እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው ሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ ግን በኤችአይቪው ክፉ ዘመን ብዙ እድሮች በቀብር ብዛት ካዝናቸው ሲራቆት ቆም ብለው አስበው የታመመ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ያኔ ደንቡ ተሻሽሏል፣ አሁን ማይሻሻልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሰራሩ ከባድ አይደለም። አባል ሁሉ ከወርሃዊው ጋር አንድ ኪሎ ዱቄት ወይ ሽሮ ወይ የዛን ዋጋ በቴሌብር ይጨምራል፣ መጋዘኑ አንድ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ወር ያጠረው አባል ሄዶ ይወስዳል፣ ሲደላው ይተካል፣ ካልደላው አይጠየቅም። ሙስሊም ወንድሞቻችን ይሄን ነገር በዘካተል ፊጥር ያውቁታል፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ እህል ከኢድ ሰላት በፊት ይወጣል፣ ልኩ ይታወቃል፣ ጊዜው ይታወቃል፣ የሰጪው ስሜት እስኪመጣ አይጠበቅም። እኔም ምፈልገው እንደዛ ልክ ያለው ነገር ነው፣ ግን በየወሩ።

ሌላው ምን እንደምንሰጥ ነው። ሰው በቅንነት ስንዴ ይሰጣል፣ እህሉ ግን ማበጠሪያ፣ ማስፈጫ፣ ከሰል ይፈልጋል። ለወፍጮ ቤት ሚከፍሉት የሌላቸው እናት ያንን ስንዴ ግማሹን በርካሽ ሸጠው ግማሹን ያስፈጫሉ፣ ከዛ "እርዳታ ይሸጣሉ" ተብለው ይታማሉ። ሚታሙት እነሱ፣ ያላሰብነው እኛ። የተፈጨ ይሰጥ፣ ከሰል ይጨመር፣ ሳሙናና ሞዴስ ይጨመር፣ ቀኑ ሊያልፍበት ሁለት ቀን የቀረው ማካሮኒ ደሞ ባለቤቱ ቤት ይቅር። ከጤፍ ጋርም አንሟገት፣ እዚህ ሀገር ቆጮና በቆሎ በልቶ ያደገ ሰው ሞልቷል።

ማን እንደተቸገረ በምን ይታወቃል ለሚለው መልሱ የሰፈር ባለሱቅ ነው። ሊትር ዘይት ትገዛ የነበረችው በፌስታል ቋጥራ መውሰድ ስትጀምር፣ ስኳሩ ከሩብ ኪሎ ወርዶ ሲቀር፣ የዱቤ ደብተሩ ላይ የሷ ገጽ ሞልቶ ወደ ሌላ ሲዞር መጀመሪያ ሚያየው እሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደሞ ያ ደብተር እየወፈረ ነው የሄደው። ኮሚቴ ቤት ለቤት ዞሮ "ስንት ልጅ አለሽ፣ ገቢሽ ስንት ነው" ከሚል ባለሱቁ ዝም ብሎ ለገንዘብ ያዡ ሁለት ሶስት ቤት ቢጠቁም፣ ዱቄቱም ማታ ቢደርስ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፣ እድር ራሱ ሰው ይጥላል። በጣም የተቸገረው ሰው ወርሃዊ መክፈል ስለማይችል አባል አይደለም፣ ተከራይ ከሆነ ደሞ ዛሬ እዚህ ነገ እዛ ነው። ሐዋሳ ላይ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከገጠር የመጡት ሴቶች ልጆች አንዷን ክፍል ለሶስት ለአራት እየተከራዩ ነው የከተሙት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፎ ነበር። ህዳር 2014 ላይ ፒቪኤች ሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጠቅልሎ ሄደ፣ ብዙም ሳይቆይ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሀገሪቱ ምርቷን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ታስገባበት ከነበረው ከአጎዋ ወጣች፣ ስራ ያጡትም በየግቢው ቀሩ። እነዚህ ልጆች እድር የላቸውም። ስለዚ ምዝገባው በሰው ሳይሆን በግቢ ይሁን፣ አከራዩ አባል ከሆነ ግቢው ውስጥ ያለ ተከራይ ሁሉ ከመጋዘኑ መውሰድ ይችላል። ኪራይ በየስድስት ወሩ ሚጨምር አከራይ አንድ ኪሎ ሽሮ ቢጨምር አይሞትም።

መንግስት የት ሄዶ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ትክክል ናችሁ። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች ሐዋሳ አንዷ ነበረች፣ አዳማም አለችበት፣ መንገድ ጠርገው ደሞዝ ያገኙ ብዙ እናቶች አሉ፣ ከሚከፈላቸው 20 በመቶው ቁጠባ ሆኖ ይቀመጥ ነበር፣ ደግ ነገር ነው። ግን ፕሮግራሙ ዘመን አለው፣ ሲያልቅ "ተመረቃችሁ" ይባላል፣ ሆድ ግን አይመረቅም። የግል ድርጅት ሰራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ጉዳይም በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቦርድ ይቋቋምለታል ተብሎ ነበር፣ እስኪወሰን ደሞ ሰው መብላት አለበት። የእድር ሽሮ የደሞዝ ምትክ እንዳይደረግ ግን አደራ፣ ፋብሪካው መክፈል ያለበትን ጎረቤት ሊከፍልለት አይገባም።

የእኛ እድር ስብሰባ የፊታችን እሁድ ነው፣ አጀንዳ አስይዣለሁ፣ ምን እንደሚባልም ከወዲሁ አውቀዋለሁ። አንዱ ተነስቶ "ሰው ቢለምድስ?" ይላል። ድንኳን አለ ብሎ መሞት የለመደ ሰው በእድራችን ታሪክ የለም። ሌላኛዋ እናት "አይጡስ?" ይሉኛል፣ እሳቸው ልክ ናቸው፣ መጋዘኑ አይጥ አለው፣ ባለፈው ድንኳኑንም በልቶታል፣ እና ዱቄቱ ከመግባቱ በፊት ክዳን ያላቸው ሁለት በርሜሎች መገዛት አለባቸው፣ የመጀመሪያው ወር መዋጮ እዛ ላይ ይውላል።