ልትመለሺ ነው እንዴ?

ጀርመን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ ሴሜስተር ሌላ አገር ሄዶ መማሩ ወሬ አይሆንም። እኔ በምኖርበት በኮሎኝ የጎረቤቶቼ ልጅ ባለፈው መስከረም ወደ ስፔን፣ ቫሌንሲያ ሄደች። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የጀርባ ቦርሳ። እናቷ ባቡር ጣቢያ አድርሳት ተመለሰችና ሥራዋ ገባች። ያለቀሰ የለም። «መቼ ትመለሳለች?» ብዬ ብጠይቃት «የካቲት መጨረሻ» አለችኝ። በቃ። ትመለስ ይሆን ወይ ብሎ የተጠራጠረ አንድም ሰው የለም።

ቦሌን የሚያውቅ ሰው ይህ ይገርመዋል። እኛ ዘንድ ልጅ ለትምህርት ውጭ ሲሄድ ቤተ ዘመድ ይሸኛል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ይታሸጋል። ይለቀሳል። የሚለቀሰው ልጁ ስለሚርቅ ብቻ አይደለም። አፍ አውጥቶ የሚናገር ባይኖርም፣ የሄደ እንደማይመለስ ሁሉም በሆዱ ስለሚያውቅ ነው። አሳሳቢ ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ነው። ለእኛ ውጭ ሄዶ መማር ማለት መሄድ ነው። ሄዶ መምጣት የሚባለው ነገር ከሐሳባችን ወጥቷል።

የአውሮፓውያኑ ልማድም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኢራስመስ የሚባለው የተማሪ ልውውጥ የተጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሄዱት ከ11 አገሮች የተውጣጡ 3,244 ተማሪዎች ነበሩ። እስከ ዛሬ በፕሮግራሙ ያለፈው ሰው በሚሊዮኖች ይቆጠራል። አሠራሩ ግልጽ ነው። ተማሪው ከመሄዱ በፊት እዚያ የሚወስዳቸው ኮርሶች በወረቀት ይሰፍራሉ። ተማሪው ይፈርማል፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲ ይፈርማል፣ ተቀባዩም ይፈርማል። አንድ ሙሉ ሴሜስተር 30 ነጥብ ነው፤ ኢሲቲኤስ ይሉታል። ያንን ይዞ ሲመለስ እዚያው አገሩ እንደተማረ ይቆጠርለታል። ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ስለማይቀር ሳይፈራ ይሄዳል። የሚጠብቀው ክፍል ስላለ ይመለሳል።

ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሩ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተከፍቷል። ከእኛ አገር የሚመጣ ተማሪ እንደሚሄድበት አገር በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ይሰጠዋል፤ የትራንስፖርትም አለው። በራሱ ወጪ ጀርመን ልማር የሚል ልጅ ግን በዝግ አካውንት፣ ማለትም ገንዘቡ በየወሩ ተከፋፍሎ በሚለቀቅበት ሒሳብ፣ 11,904 ዩሮ አስቀምጦ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህ የአንድ ዓመት መኖሪያ መሆኑ ነው። ስንት የኢትዮጵያ ቤተሰብ ነው ይህን የሚችለው? ስለዚህ የአንድ ሴሜስተር ልውውጥ ለደሃ ልጅ ከተከፈቱት ጥቂት በሮች አንዱ ነው።

በልውውጥ ዕድል የመጣች አንዲት የጂኦግራፊ ተማሪ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ነበረች። በጥቅምት መጥታ በየካቲት ሄደች። ቤተ ክርስቲያን ተዋወቅን። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ቤታችን እየመጣች ቡና ስንጠጣ ስለ ትምህርቷ ታጫውተን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ያስጨነቃት ብርዱ አልነበረም። ቋንቋውም አልነበረም፤ ኮርሶቿ በእንግሊዝኛ ነበሩ። ያስጨነቃት አስተማሪው «የምትጽፊበትን ጥያቄ ራስሽ አምጪ» ማለቱ ነው። እዚህ ብዙ ሴሚናሮች የሚዘጉት በፈተና ሳይሆን በጽሑፍ ነው። ተማሪው አሥራ አምስት ገጽ ገደማ ይጽፋል። ምን ላይ እንደሚጽፍ የሚያስበው ራሱ ነው። አገር ቤት ሃንድአውት ይሰጣል፣ ሃንድአውቱ ይሸመደዳል፣ ፈተናው ከዚያው ይወጣል። ጎበዝ የሚባለው የተሰጠውን አጥብቆ የያዘ ነው። እሷ ደግሞ በዚያ ሚዛን ከጎበዞቹ አንዷ ነበረች። «ጋሼ፣ ርዕስ ብቻ ቢሰጡኝ እኮ እሠራዋለሁ» አለችኝ።

ተማሪ ለማነጋገር በመደበው ሰዓት አስተማሪው ቢሮ ገባች። ሦስት ርዕስ ይዛ ነበር። አንዱ ስለ አየር ንብረት ለውጥ፣ አንዱ ስለ ዘላቂ ልማት፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ሰፊ ነበር። ሰውየው ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገና «አንቺ የምትኖሪው የት ነው?» አላት። ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም። «ቤቱን እንዴት አገኛችሁት?» በዕጣ። እዚህ ላይ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ገብቶ ይኖርበታል? አይ፣ ብዙው ያከራየዋል። ለምን? የባንኩ ዕዳ በየወሩ ስለሚከፈል፣ ከኪራዩ እየከፈለ ራሱ ረከስ ያለ ቦታ ይኖራል። ታዲያ ቤቱ የተሠራው ለማን ነው? እዚህ ስትደርስ ዝም አለች። «ይኸው ጥያቄሽ» አላት።

ያን እሁድ ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ከዓይኔ አይጠፋም። ያደገችበት ብሎክ፣ በግ የሚታረድበትና ልብስ የሚታጠብበት ኮሚናል፣ በየዓመቱ የሚቀያየሩት ተከራዮች፣ ይህ ሁሉ የትምህርት ጉዳይ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። ላይብረሪ ገብታ ስትፈልግ ስለ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የተጻፈ ብዙ ጥናት አገኘች። ብዙዎቹን የጻፉት የውጭ ሰዎች ናቸው። «የጻፉት ልክ ነው፤ ግን ኮሚናሉን አላወቁትም» አለችኝ። ከዚያ ለእናቷ እየደወለች ትጠይቅ ጀመር። ከጎረቤት ማን ባለቤት ነው፣ ማን ተከራይ፣ ኪራዩ ስንት ገባ፣ ለዘበኛ የሚያዋጣው ማነው። እናት ከጀሞ እየደወሉ መረጃ የሚያቀብሉ ሆኑ።

ውጤቷ 1.3 መጣ። እናቷ ሲሰሙ ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ አሞሽ ነበር?» አሏት። አገር ቤት 4 ነው ቁንጮው። ጀርመን ተገላቢጦሽ ነው፤ 1.0 ከሁሉ የበለጠው ሲሆን 4.0 ለጥቂት ያለፈ ሰው ውጤት ነው። እስኪገባቸው ድረስ ብዙ አስረዳቻቸው።

ሁሉም እዚህ ይሻላል እያልኩ አይደለም። ልጅቷን የጎዳት ነገር ነበር፤ ብቸኝነት። ትምህርት ሲያልቅ ተማሪው በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ኳ ኳ ያደርጋል፤ ለአስተማሪው ምስጋና መሆኑ ነው። ከዚያ ኮቱን ለብሶ ይበተናል። ከጎኗ ለሳምንታት የተቀመጠችው ልጅ ስሟን አልጠየቀቻትም። ምግብ ቤቱ ገብታ ትሪዋን ይዛ፣ ከፍላ፣ ብቻዋን በልታ፣ ትሪውን መልሳ ትወጣለች። አገር ቤት ግቢ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም። ፍሬሽ ተማሪ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ የሚይዘው ሲኒየር አለ። ዶርም ውስጥ ገንዘብ ያለቀበት ካለ ጓደኛ ይሸፍንለታል። የቸገረውን ኮርስ ሌሊት የሚያስረዳው አያጣም። የካፌው ሽሮ ቢቀጥንም አብሮ የሚበላ ሰው አለ። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ይህንን ከእኛ ቢማሩ ብዙ ወጣት ከጭንቀት በተረፈ ነበር። ይህን የምለው የሁለቱንም አገር ተማሪዎች በቅርብ ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጅቷ ልትመለስ ሁለት ወር ሲቀራት ጥያቄው ጀመረ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ልደት ላይ፣ ሐበሻ ሬስቶራንት ውስጥ፣ «ልትመለሺ ነው እንዴ?» ይሏታል። አጠያየቁ ለብቻው ያስፈራል። አንዱ ጠበቃ ላሳይሽ ይላል። ሌላዋ ቤት አለኝ ትላለች። አጎቷ ከአዲስ አበባ ደውለው «እግርሽ አንዴ ወጥቷል፣ አታጣጥፊው» አሏት። የሚመክራት ሁሉ ይወዳታል። ክፋት የለበትም። ደመወዙን ያውቃሉ፣ ኑሮ ውድነቱን ያውቃሉ፣ ጦርነቱንም አይተዋል። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው።

ግን እንዲህ ሆኖ አልኖረም። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ለትምህርት ውጭ የሄደ ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ይመለስ ነበር። ሥራው ይጠብቀዋል፣ ክብሩ ይጠብቀዋል፣ አገር ይፈልገዋል። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ያልተመለሰው የዳነ ሆነ፤ ከተመለሰውም ብዙ ሰው አለቀ ወይ ታሰረ። የዚያ ዘመን ቁስል ምክር ሆኖ እስከ ልጅ ልጅ ወርዷል። ዛሬ አንድ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ለአንድ ሴሜስተር ስትወጣ ያ ሁሉ ታሪክ አብሯት ይወጣል። የቪዛ መኮንኑም የሚጠይቃት ይህንኑ ነው፦ ለመመለስሽ ምን ማስረጃ አለሽ?

እኔ ልጅቷን ተመለሺ አላልኳትም፣ ቅሪም አላልኳትም። የሕይወቷ ጉዳይ ነው። ግን የማምነውን ልናገር። የልውውጥ ዕድል የቆመው በመመለስ ላይ ነው። አንድ ተማሪ ሲቀር ለቀጣዩ በሩ ይጠባል። ላኪው ዩኒቨርሲቲ ይሰጋል፣ ተቀባዩ ይጠራጠራል፣ ኤምባሲው ይከለክላል። ከጀርባዋ የሚጠብቁ የጎንደርና የወልቂጤ ልጆች አሉ። «ልትመለሺ ነው እንዴ?» ስንል እነሱንም እየነካን ነው።

እሷ ተመለሰች። ጽሑፏን ልቀጥልበት እፈልጋለሁ ብላ፣ በራሷ ውሳኔ።

ከዚያ የሆነው ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ዲፓርትመንቷ እዚህ የወሰደቻቸውን ኮርሶች ወዲያው አልቀበልም አለ። ስማቸው ከእኛ ኮርስ ጋር አይገጥምም ተባለ። አገር ቤት የሚማረው ሰው በባች ነው። ሁሉም በአንድ ላይ አንድ ዓይነት ኮርስ ይወስዳል። አንድ ኮርስ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። እሷ በሌለችበት ሴሜስተር የተሰጠውን ለማግኘት የሚቀጥለውን ባች መጠበቅ ግድ ሆነባት። ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ ታናናሾቿ ጋር ክፍል ተቀምጣ ነበር። ውጭ ሄዳ በደንብ በመማሯ የተቀጣች ያህል ነው።

የሚያሳዝነው መፍትሔው እጃችን ላይ መሆኑ ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ዝርዝር ላይ ከክሬዲት አወሩ ጎን ኢሲቲኤስ ተብሎ ቁጥሩ ተጽፏል። ሞጁላር የሚባለው ሥርዓት ሲመጣ አብሮ የገባ ነው። መለኪያው አንድ ሆኖ ሳለ የሚለካ ሰው ጠፋ። ተማሪዋ ከመሄዷ በፊት የዲፓርትመንት ኃላፊው «ይህ ኮርስ በዚህ ይተካል» ብለው አንድ ገጽ ቢፈርሙ ዓመቷ አይቃጠልም ነበር። ልጁ ዕድል የደረሰው ወላጅ ከቪዛው በፊት ይህን ፊርማ ይጠይቅ እላለሁ። በርበሬው ይደርሳል።

ይህን ስል እኛ ለልውውጥ እንግዳ ነን ማለቴ አይደለም። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች ስኮላርሺፕ ትሰጥ ነበር። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች መጥተው አዲስ አበባ ተምረዋል። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከነሱ አንዱ ናቸው። እነዚያ ልጆች ለነጻነት ከሚታገሉ አገሮች የመጡ ነበሩና የሚያወሩት ፖለቲካ ለእኛ ተማሪ አዲስ ነበር። በኋላ ለመጣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ መነቃቃት የነሱም ድርሻ እንዳለበት የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። አስቡት፤ ለመማር የመጣ እንግዳ ተማሪ ባለቤቱን ተማሪ ቀየረው።

አገር ውስጥም ነበረን። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በአስተማሪነት። የአዲስ አበባ ልጅ ገጠሩን ያወቀው በዚያ ነው። ዛሬ ተማሪው በምደባ ሩቅ ይላካል እንጂ አንዴ ከገባበት ግቢ እስኪመረቅ አይወጣም። የሐዋሳ ተማሪ ለአንድ ሴሜስተር ባሕር ዳር ቢማር፣ የጅማው ደግሞ ድሬዳዋ፣ ምን ይከለክላል? የጸጥታው ነገር ወላጅን እንደሚያስፈራ ይገባኛል፤ ልጅን ሌላ ክልል መላክ ራሱ እንቅልፍ የሚነሳበት ጊዜ ነው። ሰላሙ ያለበት ቦታ ላይ ግን መጀመር ይቻላል። ናይሮቢም አለ። በሞያሌ በአውቶቡስ የሚደረስ ከተማ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ያለበት። ሁሉንም ነገር ከአውሮፓ መጠበቅ የለብንም።

ልጅቷ በመጨረሻ ተመርቃለች። የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በጀሞ ተከራዮች ላይ ነው። እዚህ ኮሎኝ ሴሚናሩን አብራት የወሰደች አንዲት ጀርመናዊት ጽሑፏን አንብባ፣ ለአንድ ሴሜስተር አዲስ አበባ ሄጄ ልማር ብላ ተነሥታለች። የዩኒቨርሲቲዋ ፈቃድ አላት፣ ገንዘቡም ተገኝቷል። እናት ጀሞ ላይ አንድ ክፍል ለቅቄላታለሁ ብለዋል። የሚቀራት ከእኛ በኩል ያለው የመቀበያ ደብዳቤ ነው። ለሦስት የተለያዩ ሰዎች ጽፋለች፤ የመለሰላት የለም። ይህን የሚያነብ የዲፓርትመንት ኃላፊ ካለ፣ ምናልባት የእሷ ኢሜይል እርስዎ ሳጥን ውስጥ ይሆናል። እባክዎን ይመልከቱት።