ጎራዴና ሞፈር

ሁለት የታሪክ መጽሐፍ ፊትህ ተቀምጦ አንዱን ምረጥ ብትባል፣ መጀመሪያ የምታየው የጸሐፊውን ስም አይደለም። ለአያትህ አገር ስንት ገጽ እንደተሰጠ ነው። ማን ያየኛል ብለህ በቀስታ ትገልጣለህ እንጂ፣ የማያደርገው የለም።

አንደኛው ወፍራም ነው፤ ሽፋኑ ላይ ጎራዴ አለ። ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ወይ ይነግሣል፣ ወይ ይዘምታል፣ ወይ ይሸፍታል። የሚያርስ የለም። ጉንፋን የያዘው እንኳ የለም። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ ሽፋኑ ላይ ሞፈር። ግብር፣ ዝናብ፣ አንበጣ፣ የበሬ ቁጥር። ንጉሥ መንገድ ካልሳተ በስተቀር አይገባበትም።

ዓድዋን ውሰድ። ወፍራሙ የካቲት 23 ቀን 1888 ንጋት ላይ ማን በየት በኩል እንደተሰለፈ አንድ በአንድ ይነግርሃል። ያ ሁሉ ሠራዊት እዚያ ድረስ ምን እየበላ ሄደ? ጭጭ። ቀጭኑ ደግሞ ስንቁን፣ በቅሎውን፣ ገበሬው የከፈለውን ሁሉ ቆጥሮ ይጨርስና፣ ማን እንዳሸነፈ ሳይነግርህ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እብስ ይላል።

አጎቴን አማከርኩ።

«ጋሼ፣ የቱን ልውሰድ?»

«ወፍራሙን! መደርደሪያ ላይ ግርማ አለው።»

«አንብበውታል?»

«ምን ያስነብበኛል? ታሪኩን አውቀዋለሁ!»

ልጃቸው ከጓዳ ጮኸች። «ቀጭኑን ውሰድ! ያኛው ተረት ነው!» እሷም አላነበበችውም። ክርክሩ ግን እስኪመሽ ደራ። ላላነበቡት መጽሐፍ እንዲህ የሚሟገቱ ሰዎች፣ ቢያነቡት ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

ለማስታረቅ ብዬ ቀጭኑን ገለጥኩ። ክፉ ቀን ላይ ደረስኩ። በ1880 ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። ገበሬው የሚጠምደው አጣ፤ አገር ተራበ። ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጣች፤ አፄ ምኒልክ ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ።

ጋሼ ብድግ አሉ። «ይኸው! አላልኩሽም? ንጉሡ!»

«ይኸው!» አለች እሷ። «ዶማው!»

ሁለቱም ጣታቸውን እዚያችው መስመር ላይ ቀሰሩ። ጣት ለጣት ተጋጭተውም ቢሆን አልተስማሙም።