ቾንግቺንግ የዓለም ትልቋ ከተማ ናት?

«ቾንግቺንግ 32 ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት የዓለም ትልቋ ከተማ ናት» የሚለውን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ስለሆነ ትንሽ ላርም። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2020 የቻይና ሕዝብ ቆጠራ ያወጣው ነው። የተረሳው ግን ስንት መሬት ላይ እንደተቆጠረ ነው።

ቾንግቺንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ከሲቹዋን ክፍለ ሀገር ተነጥላ፣ እንደ ቤጂንግ፣ ሻንጋይና ቲያንጂን በቀጥታ ለማዕከላዊው መንግሥት ተጠሪ ሆነች። ስፋቷ 82 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦስትሪያን ታህላለች ማለት ይቻላል! ውስጧ ተራራ አለ፣ እርሻ አለ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሌሎች ከተሞችም አሉ። ያንግትዜ ወንዝ ዳር ያለችው ዉሻን የምትባል ወረዳ ከመሀል ከተማው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ነዋሪዎቿ ግን እዚያው 32 ሚሊዮን ውስጥ ናቸው።

ማጣራት ከፈለጋችሁ ሕዝቡን ለስፋቱ አካፍሉት። ለቾንግቺንግ በካሬ ኪሎ ሜትር 390 ሰው ገደማ ይመጣል። ለሻንጋይ 3,900 አካባቢ። መሀል ከተማዋማ እውነትም ጭንቅንቅ ያለች ናት፤ ባቡር በመኖሪያ ፎቅ ውስጥ አቋርጦ የሚያልፈው እዚያ ነው።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። የነፍስ ወከፍ ገቢዋን ከሻንጋይ ጋር አስተያይቶ «ድሃ ከተማ ናት» የሚል ሰው፣ የመኪናና የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ የሞላውን ከተማ (አዲስ አበባ የምናውቃት ሊፋንም ከዚያው ናት) ከተራራው ገበሬ ጋር ደምሮ እያካፈለ ነው።