መደቡ ላይ

ከአዲስ አበባ ደቡብ ህንድ ወዳለችው ቼናይ የሚበር ሰው ብዙ ጊዜ እጁ ላይ የራጅ ፖስታ አለ። ወይ ታማሚ ነው ወይ አስታማሚ። እኔ አስታማሚ ነበርኩ፤ አክስቴን ይዤ ነው የሄድኩት። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለፈ። ከዚያ በኋላ ሥራችን መጠበቅ ብቻ ሆነ። የተከራየነው ክፍል፣ ከሥሩ ያለው ፋርማሲ፣ የሆስፒታሉ ሊፍት። በ2 ሳምንት ያየሁት ህንድ ይኼው ነው።

በመጨረሻ አክስቴ ሰለቸቻት። «አንተ ልጅ፣ የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ውጣና አገሩን እይ!» ልጇ ከዱባይ መጥታ ስለተካችኝ 4 ቀን አገኘሁ።

ይህን የምጽፈው በእነዚያ 4 ቀናት ምክንያት ነው። ለሕክምና ህንድ የሚሄደው ወገናችን ብዙ ነው። ሲመለስ «ህንድን አውቃታለሁ» ይላል። የሚያውቀው ግን ሆስፒታሉንና የገበያ አዳራሹን ነው። እኔ የምለው፣ ቀን የተረፈው ሰው ታሚል የሚባለው የደቡብ ህንድ ሕዝብ ወደሚኖርበት አንዲት ትንሽ ከተማ ይሂድ። ሲሄድ ደግሞ ቤት ለማየት ብቻ አይሂድ። ደጅ ላይ ለመቀመጥ ይሂድ።

የሄድኩት ካናዱካታን ነው። በታሚል ናዱ ግዛት፣ በሲቫጋንጋ አውራጃ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከተማ ማለትም ይከብዳል። አካባቢው በሙሉ ቼቲናድ ይባላል። ከቼናይ ኤግሞር ጣቢያ ከሰዓት የሚነሳው ፓላቫን ኤክስፕረስ ማታ ካራይኩዲ ያደርሳል፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካናዱካታን ከዚያ በአውቶቡስ ቅርብ ናት።

ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ አንድ ቤተሰብ ተቀምጧል። እናትየው ገና ሳንተዋወቅ «ሳፕቲንጋላ?» አሉኝ። «በልተዋል?» ማለት ነው። ታሚሎች ከሰላምታ ጋር ይህን ይጠይቃሉ። መልሴን አልጠበቁም። በሎሚ የተሠራ ቢጫ ሩዝ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ቀጥለው «ታምቢ» አሉኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ማለት ነው። እዚያ የማታውቀውን ሰው በስሙ አትጠራውም። ታላቅ ከሆነ አና፣ ታላቅ ሴት ከሆነች አካ፣ ሽማግሌ ከሆነ አይያ ትላለህ። ጋሼና እትዬ እያለ ላደገ ሰው ይኼ ትምህርት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ደቡብ ህንድ ሄዶ በሂንዲ «ናማስቴ» ብሎ ሰላም ማለት ጥፋት አይደለም፤ ግን ሰውየው ፈገግታውን ይቆጥባል። በታሚል «ቫናካም» በሉ። ታሚሎች ሂንዲ እንዳይጫንባቸው እ.ኤ.አ. በ1965 አደባባይ ወጥተው ሰው ሞቶበታል። ቋንቋቸው ለእነሱ ቀልድ አይደለም። ፊደላቸው 247 ነው፤ 12 አናባቢ፣ 18 ተነባቢ፣ የእነሱ ቅንብር 216፣ አንድ ደግሞ ለብቻዋ የቆመች። የእኛ ፊደል በዛ ብዬ ሳማርር የኖርኩት ሰውዬ የአውቶቡስ ታፔላ ሥር ቆሜ አፈርኩ። ደግነቱ አሠራሩ ዘመድ ነው። አንዱ ተነባቢ እንደ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ቅርጹን እየቀያየረ ይሄዳል። በ3ኛው ቀን «ካ» እና «ማ»ን ከታፔላ ላይ መልቀም ጀምሬ ነበር።

ካራይኩዲ ስደርስ መሽቷል። የመጀመሪያው የእንግዳ ማረፊያ ፓስፖርቴን አይቶ አላሳድርም አለኝ። የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ሁሉ በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ደግሞ ጣጣ አልፈለገም። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በውሻ ጩኸት መሐል ሌላ ፈለግኩ። ሁለተኛው ተቀበለኝ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «የውጭ ሰው ታሳድራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ያዝኩ። ትኬት ቆራጩ ለሴቶቹ ትኬት ይሰጣል፤ ገንዘብ ግን አይቀበልም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በታሚል ናዱ ተራ የከተማ አውቶቡሶች ሴት በነጻ ትሄዳለች። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ገበያ ሲወርዱ፣ ይህ ምን ያህል እንደሚቆጠር ለመረዳት ጥናት ማንበብ አላስፈለገኝም።

ካናዱካታን ስወርድ ገና ፀሐይ አልበረታችም። ሴቶች ደጃቸውን ውኃ ረጭተው በነጭ ዱቄት መሬት ላይ ሐረግ ይስላሉ። ኮላም ይባላል። በጣቶቻቸው መሐል ዱቄቱን እያፈሰሱ፣ ነጥብ ከነጥብ እያገናኙ፣ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። የድሮው ወግ በሩዝ ዱቄት መሳል ነው፤ ጉንዳንም ይብላ ተብሎ። እስከ ማታ የሰው እግር ያጠፋዋል። ነገ እንደገና ይሳላል።

ከዚያ ቤቶቹ መጡ።

ስለ ቤቶቹ ሰምቼ ነው የሄድኩት፤ ቢሆንም ደነገጥኩ። በበሬ ጋሪ አቧራ ውስጥ ቤተ መንግሥት የሚያክል ቤት ቆሟል። ከጎኑ ሌላ አለ። ከፊት በር ላይ ቆመህ በግቢዎቹ ውስጥ አሻግረህ እስከ ጓሮው በር ታያለህ፤ ቤቱ ከአንዱ መንገድ ተነስቶ ወደ ኋላኛው መንገድ ይወጣል። ምሰሶው የበርማ፣ የዛሬዋ ሚያንማር፣ ቲክ እንጨት ነው። እብነ በረዱ ከጣሊያን፣ መስተዋቱ ከቤልጂየም። ግድግዳው እንደ ሴራሚክ ሳህን ያበራል፤ ኖራ ከእንቁላል ነጭ ጋር ተመትቶ ነው የተለሰነው ይላሉ። እጄን ሳሳርፍበት ቀዘቀዘኝ። ውጪው ያቃጥላል።

ባለቤቶቹ ናጋራታር ይባላሉ፤ ቼቲያር በሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃሉ። ነጋዴዎችና አበዳሪዎች ነበሩ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ወንዶቹ ወደ በርማ፣ ሲሎን (ስሪላንካ)፣ ማላያ (ማሌዥያ) እና ቬትናም ሄደው ገንዘብ ያበድሩ ነበር። ትርፉ እዚህ ቤት ይሆናል። ከመካከላቸው ስመ ጥሩው አናማላይ ቼቲያር በካናዱካታን ያስገነቡት ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1912 ያለቀ ነው። አናማላይ ዩኒቨርሲቲን በ1929 የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው።

አስጎብኚዎች እንጨቱ ከየት እንደመጣ ይነግሩሃል። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን በጨረፍታ ያልፉታል። እኔ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1930 በታችኛው በርማ ዋና ዋና የሩዝ አውራጃዎች ከነበረው መሬት ቼቲያሮች የያዙት 6 በመቶ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የሩዝ ዋጋ ተንኮታኮተ። ገበሬው ብድሩን መክፈል አቃተው። መሬቱ የመያዣ ነበረና ወደ አበዳሪው ዞረ። በ1937 ያ 6 በመቶ 25 በመቶ ገደማ ደርሷል። አበዳሪዎቹ መሬቱን አልፈለጉትም ይባላል፤ የፈለጉት ጥሬ ብር ነው። ይሁን። በርማዊው ገበሬ ግን ሁለቱንም አጣ።

እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን በርማን ያዘች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ህንዳውያን ተሰደዱ፤ ብዙዎቹ በእግር። ከነጻነት በኋላ በርማ መሬቱን ወረሰች። የቼቲናድ የገንዘብ ምንጭ ደረቀ። ቤቶቹ ግን ቀሩ። ዛሬ ወራሾቹ ቼናይ፣ ሲንጋፖር፣ አሜሪካ ናቸው። አንድ ቤት ብዙ ወራሽ ስላለው ለማደስም ለመሸጥም አይስማሙም። ለሠርግ ይከፈታል፤ ከሠርግ በኋላ ይዘጋል። በቀረው ጊዜ ቁልፍ የያዘ አንድ ሽማግሌ አለ።

ይኼን ሳይ ያደግኩበት ሰፈር ትዝ አለኝ። ከአሜሪካ በተላከ ዶላር የተሠራ ባለ 3 ፎቅ አለ፤ መጋረጃው ከተሰቀለ ተገልጦ አያውቅም። ሰርቪሱ ውስጥ ዘበኛው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ጠዋት ግቢውን ይጠርጋል፤ ማታ መብራት ያበራል። ባለቤቱ በ3 ዓመት አንዴ መጥቶ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ላብ የፈሰሰበት ገንዘብ ነው፤ አልስቅበትም። ካናዱካታን ውስጥ ግን ያ ቤት ከ100 ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል ያየሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ መደቡ።

ከእነዚህ ቤቶች ዋና በር ግራና ቀኝ፣ ጣሪያ ሥር፣ ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ አለ። ቲናይ ይሉታል። አገር ቤት ከግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሠራውን መደብ አስቡ፤ ይኼ ግን ሰፊና ልስልስ ያለ፣ ምሰሶ የተተከለለት ነው። ድሮ ሒሳብ የሚሠራው እዚያ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የመንገደኛ ቦታ ነበር። ፀሐይ የበረታበት፣ የመሸበት ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ወጥቶ ጋደም ይላል። የዚያ ሁሉ እብነ በረድ ባለቤት ለማያውቀው ሰው ብሎ ያሠራው ክፍል ይኼ ነው።

ለሁሉም መንገደኛ ግን አልነበረም። ይኼን ካልተናገርኩ እንደ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። በታሚል አገር ዝቅተኛ ተብለው የተገፉት ሰዎች የሚኖሩበት መንደር ቼሪ ይባላል። ከዋናው ሰፈር ተነጥሎ ነው የሚሠራው። የዚያ ሰው ቲናይ ላይ ሊቀመጥ ቀርቶ በአንዳንድ መንገዶች ማለፍም ይከለከል ነበር። ሕግ ከልክሎታል፤ ርቀቱ ግን ዛሬም በእግር ይለካል። የቱሪስት ካርታ ላይ ቼሪ አይገባም።

ቁልፍ ያዡን ሽማግሌ ያገኘኋቸው እዚያው መደብ ላይ ነው። ዛሬ አብዛኛው ቲናይ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል፤ የእሳቸውም እንደዚያው። 50 ሩፒ ሰጥቻቸው ቤቱን አሳዩኝ። ከጨረስን በኋላ የምሄድ መስሏቸው ነበር። ቆሜ ሳመነታ ፍርግርጉን ከፈቱና መደቡን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ኡካሩንጋ» አሉኝ። ተቀመጥ። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ እኔ ታሚል አልችልም። ቀለሜን አይተው መጀመሪያ በታሚል ለቀቁብኝ፤ የሌላ ወረዳ ሰው መስያቸዋለሁ። «ኢትዮጵያ» ብል አልገባቸውም። «አፍሪካ» ስል እጄን ከእጃቸው አጠገብ አስቀመጡና አነጻጽረው ሳቁ። እሳቸው ይጠቁራሉ። (ቀለም የሚያቀላ ክሬም ማስታወቂያ ከመንገዱ ማዶ ተሰቅሏል። ያም አለ።)

2 ሰዓት ተቀመጥን። ልጆች ከትምህርት ቤት ተመለሱ። ፍየል ኮላሙን ላሰችው። አንድ ጎረቤት በናስ ኩባያ ቡና አመጣ፤ ከኩባያ ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ወደ ኩባያ ከፍ አድርገህ እየገለበጥክ የምታቀዘቅዘው ወተት የበዛበት ቡና። በዚያ መሐል ኤሲ ያለው መኪና መጣ። 4 ሰዎች ወረዱ። ምሰሶዎቹን ፎቶ አነሱ፤ በ20 ደቂቃ ሄዱ። ሽማግሌውን አላዩአቸውም። እኔም ብሆን መቀመጫ ባላገኝ ኖሮ እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ቼቲናድ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ላይ አለ። አንዳንድ ቤቶች ሆቴል ሆነዋል። አልቃወምም፤ ቢያንስ ጣሪያው አይፈርስም። የምቃወመው የካራይኩዲን የአሮጌ ዕቃ ሱቆች ነው። ከፈረሱ ቤቶች የተነቀለ በር፣ ምሰሶ፣ የሙሽራ ሣጥን እዚያ ይደረደራል። ውብ ነው። አንድ በር በተገዛ ቁጥር ግን ሌላ ቤት ለማፍረስ ምክንያት ይገኛል።

መግዛት ካስፈለገ አታንጉዲ ይሻላል። በአቅራቢያው ያለ መንደር ነው፤ የወለል ንጣፍ ይሠራል። ሠራተኛው መስታወት ያነጥፋል። ላዩ ላይ የብረት ቅርጽ ያስቀምጥና በየክፍሉ ቀለም የገባበት ሲሚንቶ በትንሽ ጭልፋ ያፈሳል። ቅርጹን ያነሳል፤ ቀለሞቹ አይቀላቀሉም። ደረቅ ሲሚንቶና አሸዋ ይጨምርበታል፤ ይጠቀጥቀዋል። ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ ከዚያ ይደርቃል። እሳት አይነካውም። አብረቅራቂ የሚያደርገው መስታወቱ ነው። ሰው በባዶ እግሩ በረገጠው ቁጥር ይበልጥ ያበራል ብለውኛል። እኔ የረገጥኩት የ100 ዓመት ወለል ይኼን ይመሰክራል።

ስለ ምግቡ አጭር ልሁን፤ አለዚያ አላቆምም። ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ዶሮ በሙዝ ቅጠል ላይ፣ በቀኝ እጅ። ስትጨርስ ቅጠሉን ወደ ራስህ እጠፍ። ከሁሉ የገረመኝ ካቩኒ አሪሲ ነው፤ በስኳርና በኮኮናት የሚቀርብ ጥቁር ጣፋጭ ሩዝ። ቼቲያሮቹ ከበርማ ይዘውት የመጡት ነው። መሬቱ ተወረሰ፣ የብድሩ ሥራ ተዘጋ፣ ሩዙ ቀረ።

ሙቀቱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አይቻልም። ጥር ይሻላል። ፖንጋል የሚባለው የመኸር በዓላቸው በገናና በጥምቀት መካከል ይውላል፤ በሸክላ የሚፈላው ሩዝና ወተት እስኪገነፍል ይጠበቃል፤ ሲገነፍል ይጮኻሉ።

ልሄድ ስነሳ ለሽማግሌው በባቡር የተማርኳትን ነገርኳቸው። ታሚል ሲሰናበት «ሄድኩ» አይልም፤ ገደ ቢስ ነው። «ፖይትው ቫሬን» ይላል፤ ሄጄ እመጣለሁ። አክስቴ «ሄጄ ልምጣ» ካላልኳት በር አታስወጣኝም። «ፖይትው ቫሬን አይያ» አልኳቸው። «ቫንጋ ታምቢ» አሉ፤ ና። ፍርግርጉን ወዲያው አልዘጉትም።

ቼናይ ስመለስ አክስቴ ቁጭ ብላለች። ሒሳብ ያስተማራት ህንዳዊ ስለነበር ህንዳዊ ሁሉ የሒሳብ መምህር ይመስላታል። «ታዲያ ምን አስተማሩህ?» አለችኝ። ከአታንጉዲ የገዛሁትን ንጣፍ አውጥቼ ሰጠኋት። በእጇ መዘነችው።

«ይኼን ድንጋይ ከሻንጣዬ የትኛውን አውጥተህ ልትጭነው ነው?»