አራተኛው ምዕራፍስ?

ስለ ሥራ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ «ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ» የሚለውን ቆላስይስ 3፥23ን ለሠራተኛ ብቻ ሰጥቶታል። ልክ ነው፣ ቃሉ የተነገረው ለባሪያዎች ነው። ግን ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ 4፥1 ጌቶችን «ለባሪያዎቻችሁ በቅንነት አድርጉላቸው» ይላል፤ እሱ ሲሰበክ ብዙም አይሰማም።

ወደ ቤታችን እናምጣው። የቤት ሠራተኛን እንጀራ ማስተማር «አይተሽ ልመጂ» ማለት አይደለም። ሊጡ ሦስት ቀን ያህል ከቦካ በኋላ ላዩ ላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል። ለአብሲት አንድ ኩባያ ሊጥ በሦስት ኩባያ ውሃ ተበጥብጦ እስኪወፍር ሳያቋርጡ ይማሰላል፤ ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ትኩሱን ከመለሰችው እርሾው ይሞትና እንጀራው ዓይን አያወጣም። ምክንያቱን ካወቀች ነገ የራሷን ምጣድ ስትጥድም ይጠቅማታል።

ነገሩ የሚበላሸው ሁለተኛው እንጀራ ሲቀደድ ነው። እመቤቲቱ «ተይው በቃ» ብላ ትቀማታለች፣ ልጅቷም ዓመቱን ሙሉ ሽንኩርት ስትልጥ ትከርማለች። (የተቀደደው ፍርፍር ይሆናል፣ ምን ችግር አለው?)

የማታ ትምህርትም «ፈቅጄላታለሁ» ስለተባለ አይሆንም። ክፍሉ 11 ሰዓት ተኩል ከጀመረ የራት ወጡ 10 ሰዓት ላይ መውረድ አለበት፤ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ታቋርጣለች።