«ሰው አለ» ያልናቸው እናት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው በእናንተ ነው። በራሴም ጭምር።

ነገሩ የሆነው ከአዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ ባቡር ጣቢያ ነው። ገና ሊነጋጋ ሲል ወደ ድሬዳዋ ትኬት ልቆርጥ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የትኬት መስኮቱ አልተከፈተም፣ ወረፋው ግን ተጠማዞ በሩ ጋ ደርሷል። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ሰው ሳይሆን ሻንጣ፣ ማዳበሪያና ፌስታል ነው።

ከፊቴ አንዲት እናት ቆመዋል። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። በፌስታል የተቋጠረ የቅቤ ጣሳ አቅፈዋል። ልጃቸው ድሬዳዋ ወልዳለች፣ አራስ ሊጠይቁ ነው። ሳልጠይቃቸው ነው የነገሩኝ፣ ደስታው አላስችል ብሏቸው። «የመጀመሪያዋ ናት» አሉኝ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ጀምሮ ቆመው ነበር።

ሲደክማቸው «ወረፋዬን እያት ልጄ» አሉኝና ወደ ወንበሩ ሄዱ። አንድ ጎልማሳ ቀና ብሎ «ሰው አለ» አላቸው። ሰው አልነበረም። ጥቁር ሻንጣ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ጣሳውንም ጭናቸው ላይ አደረጉ። ያን ሁሉ ሰው አየሁት፣ አንድም የተነሳ የለም።

መስኮቱ ሲከፈት ጉድ ፈላ። አንዱ ወጣት «የጓደኞቼ ነው» እያለ መታወቂያ ይደረድራል። አንዷ «ቦታ ተይዞልኛል» ብላ መሃል ገባች። እማማ ተነስተው ቦታቸው ቆመዋል፣ ወረፋው ግን ንቅንቅ አይልም። ኋላ ያለው ሰው ከፊት እየገባ እንዴት ይንቀሳቀስ?

እኔስ? መስኮቱ አጠገብ የሰፈሬን ልጅ አየሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ወረፋቸውን አደራ ያሉኝን እናት አልፌ ሄድኩና «ለኔም አንድ ጨምርልኝ» አልኩት። ጨመረልኝ።

እማማ ሲደርሱ «ሞልቷል» ተባሉ።

«እሺ ልጄ» አሉ። አልጮሁም፣ ማንንም አልረገሙም። ጣሳውን ከነጠላቸው ስር አድርገው ወጡ። ምነው በረገሙን! ትኬቴን ልስጣቸው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ብቻ። ባቡሩ እንደ ሚኒባስ ታክሲ አንዱ ሲሄድ ሌላው የሚተካ እንዳልሆነ እያወቅኩ፣ እግሬ አልነሳ አለኝ።

ጣቢያው ሩቅ ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የድሮው ባቡር ለገሃር ድረስ ይገባ ነበር፣ መሃል ከተማ። ዛሬ በሌሊት የኮንትራት ታክሲ ከፍለን ነው ከከተማ የምንወጣው። መቀመጫው ያንሳል፣ የትኬት አቆራረጡም ያማርራል። ይሄን ሁሉ እኔም አማርሬዋለሁ፣ የሚመለከተው ሁሉ መጠየቅ አለበት። ግን እማማን «ሰው አለ» ያላቸው መንግሥት አይደለም። ወረፋቸውን የበላው የትኬት ቆራጩ አይደለም። እኛ ነን!

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ የኤሌክትሪኩ ባቡር ሲመረቅ ስንቶቻችን ደስ ብሎናል። እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ተዘረጋ። እኛ ግን አንዲት እናት አረፍ የሚሉባትን ክንድ የማታህል ቦታ ነፈግናቸው። ቤታችን ቢመጡ ኖሮ ከወንበራችን ተነስተን፣ «ኖር» ብለን እግራቸውን የምናጥብ ሰዎች ነን እኮ። ጣቢያ ስንገባ ምን ይነካናል? ዳቦ ቤት፣ ታክሲ ተራ፣ ቀበሌ፣ ሁሉም ጋ እንደዚሁ ነን።

አዳማን አለፍን፣ መተሃራን አለፍን። አጠገቤ ሰዎች ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ። እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር የሳቸው መስሎ እየተሰማኝ ድሬዳዋ ደረስኩ። ጣቢያው በር ላይ ሰው ሊቀበሉ የመጡ ቆመው ነበር። ከመሃላቸው እናቱን የሚጠብቅ ይኖር ይሆን ብዬ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ተጓዥ ነኝ። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጣለሁ። የማውቀው ሰው ከፊት ባይም አልጠራውም። እማማን ባገኛቸው ምን እንደምላቸው አላውቅም። እናንተ ግን እዚያ ከሆናችሁ፣ አንዲት እናት ጣሳ አቅፈው ቆመው ካያችሁ፣ እባካችሁ ሻንጣውን አንሱላቸው።